የድሮ ፒክአፕ ሞተር ሲሞቅ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ዕድሜ የጠገበ ፒክአፕ ሞልቷል። ከታች ያለውን የጻፍኩት በተለይ የድሮውን ናፍታ ሃይሉክስ እያሰብኩ ነው፤ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተር ያለውን። ሌላ የድሮ ፒክአፕ ቢኖራችሁም ነገሩ ይቀራረባል። ዕቃ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መኪናው መቼ ነው የሚሞቀው? ቆሞ? ሽቅብ ሲወጣ? ገና ሲነሳ? የዚህ መልስ ካላችሁ ሜካኒኩም ሥራው ይቀልለታል፣ እናንተም ያልተበላሸ ዕቃ አትቀይሩም።

መንገድ ላይ ነኝ፤ ጠቋሚው ቀይ ጋ ደረሰ። አሁን ምን ላድርግ?

ዳር ይዛችሁ ቁሙ። "ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ልግፋው" የምትለዋ ሐሳብ ናት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) የምታስበላው።

ኤሲ ካለው አጥፉት። እንፋሎት የሚወጣ ከሆነ፣ ውሃ ከሥር የሚፈስ ከሆነ ወይም የባትሪው መብራት አብሮ ከበራ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። የባትሪው መብራት እዚህ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) የውሃ ፓምፑንና ከራዲያተሩ ኋላ ያለውን ማራገቢያ፣ ቬንቲሌተሩንም ያዞራል። ቺንጋው ከተበጠሰ ሦስቱም አንድ ላይ ይቆማሉ።

እንዲህ ያለ ምልክት ከሌለና ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ብቻ የሞቀ ከሆነ ወዲያው አታጥፉት። ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጋችሁ ነዳጁን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ከሚዞርበት) ትንሽ ከፍ አድርጉ። ፓምፑ ውሃውን ያንቀሳቅሳል፣ ቬንቲሌተሩም አየር ይስባል። የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ግን እሱም እንደ ትንሽ ራዲያተር ሙቀት ያወጣል። ችግሩ፣ ብዙ የድሮ መኪና ላይ ማሞቂያው ማፍሰስ ሲጀምር ቱቦው ተቆርጦ ተዘግቷል። የእናንተ መኪና ማሞቂያ ይሠራ እንደሆነ ሰላም በሆነ ቀን ሞክሩት። በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ጠቋሚው ካልወረደ ግን አጥፉ።

የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ እያለ አትክፈቱ። ፊትና እጅ የሚገሽልጥ ውሃ ነው የሚወጣው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ የላይኛውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ ይዛችሁ ጨመቅ አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ውስጡ ገና ግፊት አለ። ከላላ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ እስከ መጀመሪያው መያዣ ብቻ አዙሩ፣ ትንፋሹን ያውጣ፣ ከዚያ ክፈቱ።

ውሃ የምትጨምሩት ሞተሩ ሲበርድ ነው። አስነሱትና በሚኒሞ እየሠራ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። በጋለ ሞተር ላይ አንድ ጄሪካን ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ሞተሩን ከውጭ ውሃ ማርከፍከፍም ያው ነው። የሚረዳ ሰው ይዞ ሲመጣ አመስግናችሁ ከልክሉት።

ጥምቀት ሰሞን በሕዝብ መሃል ቀስ እያልኩ ስሄድ ይሞቃል። አዘዞ መንገድ ላይ ግን ምንም አይል። ምንድን ነው?

ቬንቲሌተሩን ተጠራጠሩ። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ንፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል። ቀስ ሲል ወይም ሲቆም አየር የሚስበው ቬንቲሌተሩ ብቻ ነው። ከተራ ዕለት ከፒያሳ እስከ አፄ ፋሲል መዋኛ በሰው መሃል ስትሳቡ ድክመቱ የሚጋለጠው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ቺንጋውን እዩ። በሁለቱ ፑሌዎች መካከል በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል። ከላዩ የሚያብለጨልጭ ወይም ከሥሩ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ቀይሩት።

ቀጥሎ የቬንቲሌተሩ ክላች አለ። መሃሉ ላይ ያለው ክብ ነገር ነው፤ ውስጡ የሲልከን ዘይት አለ። ሞተሩ ሲሞቅ ቬንቲሌተሩን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ሞተሩን ካጠፋችሁና ቁልፉን ካወጣችሁ በኋላ በእጅ ገፋ አድርጉት። ጤነኛ ከሆነ ትንሽ ከብዶ ቶሎ ይቆማል። ነፃ ሆኖ ደጋግሞ ከዞረ አልቆለታል። አንዳንድ ጋራዥ በብሎን ጠርንፈው ሁልጊዜ እንዲዞር ያደርጉታል። ለጊዜው ያወጣችኋል። ናፍታ ግን ይበላል፣ ጩኸቱም አይቻልም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያየውም። በራዲያተሩና በቬንቲሌተሩ መካከል ዙሪያውን የሚከልል ፕላስቲክ ወይም ላሜራ ነበረ። አሁንም አለ? በየጥገናው ወቅት ወልቆ ጋራዥ የቀረበት መኪና ብዙ ነው። እሱ ከሌለ ቬንቲሌተሩ አየሩን በራዲያተሩ በኩል ሳይሆን ከጎን ይስባል። ኦሪጅናሉን ማግኘት ቢያስቸግር ቆርቆሮ የሚሠራ ባለሙያ ልክ ለክቶ ይሠራዋል። በእኔ ግምት ከአዲስ ፓምፕ ይልቅ ይቺ ቆርቆሮ ያዳነችው ሞተር ይበልጣል።

ከመተማ ሰሊጥ ጭኜ ስመለስ አይከል ሳልደርስ ይሞቃል። ባዶ ስሄድ ደህና ነው።

ይሄኛው የራዲያተር ወይም የውሃ ዝውውር ጉዳይ ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ቆላ ናችሁ፤ አየሩ ራሱ ሙቅ ነው። ከነጋዴ ባሕር በኋላ ደግሞ ሽቅቡ ይመጣል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ትንፏቀቃላችሁ። ከሊማሊሞ ሥር፣ ከዛሪማ በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣም ያው ፈተና ይገጥመዋል። ጤነኛ ራዲያተር ይችለዋል። ግማሹ የተደፈነ አይችለውም።

ከውጭ ጀምሩ። ደምቢያ ውስጥ በመኸር ሰሞን የሠራ መኪና ራዲያተሩ ገለባ ይጠጣል። ቆላ ድባ ደርሶ መልስ ያለ ሰው ያውቀዋል። ገለባው፣ ነፍሳቱና የክረምቱ ጭቃ አንድ ላይ ደርቀው ቀጫጭኑን የላሜራ ክፍተት ይዘጉታል። ከፊት ለፊት ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ከኋላ ባትሪ አብርታችሁ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ተመልከቱ። ስታጥቡት ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ፣ ቀለል ባለ ውሃ ይሁን። የመኪና ማጠቢያውን ኃይለኛ ውሃ አቅርባችሁ ከለቀቃችሁበት ላሜራው ይተኛና ከበፊቱ ይብሳል።

ከውስጥ ደግሞ ዝገትና ነጭ ደለል ይደፍነዋል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩን ገጽ በእጅ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ፤ ከቬንቲሌተሩ እጃችሁን አርቁ። መሃል ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ጋ ውሃ አያልፍም። የድሮው የመዳብና የነሐስ ራዲያተር አናቱ ተከፍቶ እያንዳንዱ ቱቦ በሽቦ ሊጠረግ ይችላል። አናቱ ፕላስቲክ የሆነው የአሉሚኒየም ራዲያተር ለዚህ አይመችም፤ ብዙውን ጊዜ መቀየር ነው። ራዲያተር ሠሪው "አፈሳው ቆመ" ሲላችሁ ስንት ቱቦ በብየዳ እንደዘጋ ጠይቁት። ሁለት ሦስት ከሆነ እሺ። ከዚያ ካለፈ ራዲያተራችሁ ሳታውቁ አንሷል።

የታችኛውን ቱቦም አትርሱ። ሲያረጅ ይላላና ሞተሩ ሲጮህ በፓምፑ ስበት ይጣበቃል። ሚኒሞ ላይ ስታዩት ደህና ነው፤ ሰው ነዳጅ ሲረግጥላችሁ ነው የሚታየው።

አነዳዱም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሽቅብ ላይ በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቃችሁ አትውጡ። ማርሽ ቀንሱ። ሞተሩ በደንብ ሲዞር ፓምፑም ቬንቲሌተሩም አብረው ይፈጥናሉ። ከቆላ የምትነሡ ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ተነሡ። አናቱ ላይ ስትደርሱ ቶሎ አታጥፉት፤ ሻይ እስክታዝዙ በሚኒሞ ይሥራ።

ሜካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። "እኛ አገር አያስፈልግም" አለኝ። እውነት ነው?

አይደለም። በጣም የተለመደ ምክር ነው፣ ግን ልክ አይደለም።

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚያግድ በር ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ግን ሁለተኛ ሥራ አለው። ሲከፈት በሌላኛው ጫፉ አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። አቋራጩ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበት ነው። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ሜዳ ላይ አታውቁትም። ጭናችሁ ሽቅብ ስትወጡ ታውቁታላችሁ። በጠዋቱ ብርድ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ናፍታ ይጨምራል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ቴርሞስታቱን በድስት ውሃ አፍልቼ ሞከርኩት፤ በደንብ አልከፈተም። ተበላሽቷል?

ቆይ፣ አትጣሉት። ይሄ ሙከራ ጎንደር ላይ ያሳስታል።

ቴርሞስታቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ብዙውን ጊዜ 82 ወይም 88 ነው። ይህ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው እንጂ ጥርግ ብሎ የሚከፈትበት አይደለም። ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ከዚያ በላይ አሥር ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ግድም ናት። እዚህ ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ደባርቅ ላይ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ 88 የተጻፈበት ቴርሞስታት በእኛ ድስት ውስጥ በከፊል ብቻ ቢከፈት ደንቡ ነው። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ቀዝቃዛ ሆኖም ክፍት ከሆነ ያኔ ቀይሩት።

የራዲያተር ክዳን እንዴት ሞተር ያሞቃል? ክዳን እኮ ነው!

ከላይ ያልኩትን 93 ዲግሪ አስታውሱ። ሞተሩ በጤናው የሚሠራበት ሙቀትም እዚያው አካባቢ ነው። ክዳኑ ካልያዘ ውሃው ጎንደር ላይ ያለ ምንም ሌላ ብልሽት ሊፈላ ትንሽ ነው የሚቀረው። የክዳኑ ሥራ ግፊት መያዝ ነው። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ውሃው የሚፈላበትን ነጥብ እዚህ ከፍታ ላይ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው በደከመ ክዳን ትንሽ ይቆያል። እኛ ግን አንችልም።

ሞተሩ ሲበርድ አውጥታችሁ ጎማውን እዩ። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ ላይ ጉድጓድ ከሠራ ቀይሩት። ከመሃሉ ያለችውን ትንሿን ክዳን ሳብ አድርጉ፤ ስትለቋት መመለስ አለባት። እሷ ናት ሞተሩ ሲበርድ ከፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ ውሃ መልሳ የምትስበው። አዲስ ስትገዙ ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ አይደለም፤ ያረጀ ራዲያተር ያፈነዳል። ለሚሞቅ ፒክአፕ መጀመሪያ የምቀይረው ዕቃ ይሄ ነው፤ ርካሽ ነውና።

የቧንቧ ውሃ ብቻ ብጠቀምስ? ኩላንት ለበረዶ አገር አይደለም እንዴ?

ጎንደር ራዲያተር የሚያፈነዳ በረዶ የለም፤ ልክ ናችሁ። ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ) ግን ዝገት ይከላከላል፣ የፓምፑን ሲል (ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን ማሸጊያ) ያቆያል፣ የመፍላቱንም ነጥብ ጥቂት ከፍ ያደርጋል። ባዶ ውሃ ለዓመታት የጠጣ ሞተር ውስጡ ቀይ ጭቃ ነው። ከዚያ በኋላ "ራዲያተሩ ለምን ተደፈነ" አይባልም።

ጄሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የተበረዘ ከሆነ እንዳለ ይገባል። ያልተበረዘ ከሆነ እኩል በእኩል በውሃ ይቀላቀላል። ለመበረዝ የተጣራ ውሃ ምርጥ ነው። "የባትሪ ውሃ" ብላችሁ ስትገዙ አሲድ እንዳይሰጧችሁ አረጋግጡ፤ ሁለቱም በአንድ ሱቅ ይሸጣሉ። ቀለሙ የተለያየ ኩላንት አትቀላቅሉ። አሮጌውን ደግሞ ግቢ ውስጥ አትድፉት። ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። ውሻ፣ ፍየል ወይም ሕፃን ሊቀምሰው ይችላል።

በርበሬ ወይም እንቁላል ጨምረህ ሽንቁሩን ድፈነው ይላሉ።

ሽንቁሩንም ይደፍናል፣ ራዲያተሩንም ይደፍናል። ተዉት።

ውሃ ቀየርኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው መሞቅ የጀመረው።

አየር ገብቶበታል። ክዳኑን ክፈቱ፣ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ሽቅብ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ጎንደር ደግሞ ዳገት አይቸግራትም። ማሞቂያውን ክፈቱና በሚኒሞ አሠሩት። ቴርሞስታቱ ሲከፍት ውሃው ዝቅ ይላል፤ ጨምሩ። የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ። አረፋው ሲቆም ዝጉት። አረፋው ጨርሶ የማይቆም ከሆነ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ።

ውሃ ይጎድላል፤ ግን የትም ሲፈስ አላይም። ጓርኒሲዮን ነው?

ሊሆን ይችላል። ጓርኒሲዮን በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ነው፤ ግን ቴስታታ ከማስወረዳችሁ በፊት ቀላሉን እዩ። ከውሃ ፓምፑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከእሷ የሚንጠባጠብ ወይም የደረቀ የኩላንት ምልክት ካለ የፓምፑ ሲል አልቋል። ጋቢና ውስጥ ከመሪው ማዶ ያለው ምንጣፍ ከረጠበ የማሞቂያው ራዲያተር ነው። ሞተሩ ትኩስ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ወዲያው ስለሚተን መሬት ላይ አይታይም። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ፈልጉት።

የጓርኒሲዮን ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ስታስነሱት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ይጠነክራል። ክዳኑን ከፍታችሁ ስታስነሱት አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣል። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ላይ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ይታያል። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አያቆምም። የጎንደር ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ የሚታየው እንፋሎት አያስደንግጣችሁ።

ዘይቱ ወተት ከሆነ መኪናውን አትንዱት፤ በገመድ ይጎተት።

ቴስታታው ከወረደ በኋላ አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ አስገብቶ መዝጋት ገንዘብ መጣል ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከነበረ ቴስታታው ጠምሞ ይሆናል። ማሽን ቤት ሄዶ በቀጥታ መለኪያ ይታይ፤ ከጠመመ ይላግ። ስንጥቅም በግፊት ይፈተሽ። 2ኤል ሞተሮች፣ በተለይ ቱርቦ ያላቸው፣ ቴስታታቸው በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። ብሎኖቹም በኃይል መለኪያ ቁልፍ፣ በቅደም ተከተላቸው ይጥበቁ። "በእጄ አውቀዋለሁ" የሚል ባለሙያ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ቁልፉን ይጠቀም በሉት።

ጠቋሚውን ልመነው?

ግማሽ በግማሽ። የድሮ መኪና የመሬት ሽቦ ሲዝግ ጠቋሚው ይዋሻል። መብራት ስታበሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሞቆ የነበረ ጠቋሚ በድንገት ወደ ታች ቢወርድ አትደሰቱ። ውሃው አልቆ ዳሳሹ በባዶ አየር ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ማሞቂያው በዚያው ሰዓት ቀዝቃዛ አየር ከነፋ በእርግጥ ውሃ የለም፤ ቁሙ። ጥርጣሬ ካላችሁ በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ያለው ጋራዥ ሄዳችሁ የቴርሞስታቱን ቤት አስለኩ።

ይህን ሁሉ አየሁ፤ አሁንም ይሞቃል።

እንግዲህ ከውሃው ውጪ ያለውን መፈለግ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ ዜሮ ማርሽ አድርጋችሁ ግፉት። ከከበደ ፍሬኑ አልለቀቀም፤ ከጉዞ በኋላ ጎማዎቹ መሃል ላይ አንዱ ብቻ የሚያቃጥል ከሆነም እሱ ነው። ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው) የሚንሸራተት ከሆነ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም፣ ሙቀቱ ይጨምራል። የናፍታ ፓምፑ ልክ ሳይስተካከል ከታሰረ ወይም ከሚገባው በላይ ነዳጅ እንዲረጭ ከተደረገ ጥቁር ጭስና ሙቀት አብረው ይመጣሉ። ጎንደር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅ መጨመር ጉልበት አይጨምርም፤ ጭሱን ነው የሚጨምረው። የአየር ማጣሪያውንም አውጡና እዩት። በመጨረሻ ከፊት ያሰራችሁትን ተጨማሪ ብረትና መብራት ተመልከቱ። የራዲያተሩን ፊት የሸፈነ ከሆነ ፈታችሁ አንድ ሽቅብ ሞክሩ።